ሻሼ እህል አልወርድ ብሏታል

ሞያሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለዳኜ፤ ኢሲዮሎ፣ ጆን ጋራዥ

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን ልበልህ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ የምግብ ቤቱ ጣራ በጓዳ በኩል ያፈሳል። ደብዳቤህን ሾፌሩ ቦኩ ከሎሪው ሳይወርድ በመስኮት ወርውሮልኝ አለፈ፤ ከጭቃ ላይ አንስቼ አነበብኩት።

"ባለፈው ስለ ሻሼ ምነው ዝም አልሽ?" ብለሃል። ዝም ያልኩት ደግ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ሻሼ ታማለች፤ እህል አልወርድ ብሏታል። የበላችው መጀመሪያ የሚጠራቀምበት፣ ከደረቷ በላይ ያለው ከረጢት ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ መሆን ነበረበት። አሁን ግን ጠዋትም እንደሞላ ነው። ስነካው ሊጥ የዳሰስኩ ይመስለኛል። አፏ እንደከረመ እርሾ ይሸታል፤ ኩሷም አረንጓዴ ውሃ ብቻ ሆኗል። ያ ነጭ ራሷ፣ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት፣ አሁን የተቦጫጨቀ ጥጥ መስሏል። ክብደቷማ የለም፤ ሳነሳት ላባ ብቻ ነው የማነሳው።

አሁን ደግሞ እኔን አስበኝ። ጠዋት ለሎሪ ሾፌሮች ሻይና ቻፓቲ አቀርባለሁ፣ ለምሳ እሯሯጣለሁ፣ በመሃል ቁጭ ብዬ ዶሮ ታቅፌ አንገት አሻለሁ። ደንበኛው ሁሉ ይስቅብኛል። ፖሊሱ ፍራንሲስማ በመጣ ቁጥር ዶሮዋን በስዋሂሊኛ ኩኩ እያለ "ማማ ሚሚ፣ ይህች ኩኩ አርጅታለች፤ ሾርባ አድርጊያትና ሁላችንም እንረፍ" ይለኛል። አይ ስለው "እንግዲያው እግሯን ይዤ ልዘቅዝቃትና ያፈነው ይውጣላት" አለ። አትነካት ብዬ አባረርኩት።

"ማማ ሚሚ" ሲለኝ ግን ሌላው ሕመሜ ይነሳል። ልጃችን ሚሚ ሜሩ የጀመረችውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ትታ፣ ዳበል መንደር ገብታ ፍየልና ግመል አርቢውን ታዲቻን ስታገባ "ሁለታችሁም ይህን በር እንዳትረግጡ" አልክ። ከዚያ አንተም ሥራ ብለህ ኢሲዮሎ ወረድክ። ከሰኔ ወዲህ በላክልኝ ደብዳቤ ሁሉ ሻሼ አለች፤ ሚሚ የለችም። ለመሆኑ ሻሼን ከዶሮ ነጋዴ ቅርጫት ወድቃ መንገድ ላይ ስትጮህ አንስታ፣ በሹራቧ ጠቅልላ ያሳደገቻት ማን ነበረች? ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ ብዬ ነው።

ወርቅአየሁ


ኢሲዮሎ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወርቄ፤ ሞያሌ

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር በይኝ። ሎሪዎቹ ከማርሳቢት ወዲያ ጭቃ ውስጥ ከርመው ነው የመጡት፤ ያንቺም ደብዳቤ እርጥብ ሆኖ ነው የደረሰኝ፤ ግማሹን በግምት አነበብኩ።

ሻሼን በምንም ዓይነት እንዳትዘቀዝቋት! ያ የኮመጠጠ ውሃ ወደ ሳንባዋ ከገባ አለቀች። በቆሎ ይቅር። ሩዝ ቀቅለሽ አልሽተሽ በጥቂቱ ስጫት። ትንሽ ዘይት በማንኪያ ጨምሪላትና ከላይ ወደ ታች በቀስታ እሻት፤ ወደ ላይ እንዳይሆን። ይህን የነገረኝ እዚህ ጎረቤታችን የሆነ ዶሮ አርቢ ነው። መድኃኒትም ገዝቼ በቦኩ ልኬልሻለሁ። ሻጩ "ለማንኛውም የሆድ ሕመም ነው" ብሎኛል።

እንዳትታረድ። ጾሙ ሲፈታ "ያረጀች ናት፣ ለገና ትሁን" የሚል ሰው ይመጣል፤ አውቀዋለሁ። ሻሼ ድስት ገባች የሚል ወሬ ከሰማሁ እዚያ ቤት አልመለስም።

ትስቂብኛለሽ፤ ሳቂ። እዚህ ከሎሪ ሥር ተጋድሜ ስሠራ እግሬ ላይ መጥቶ የሚቀመጥ የለም። እዚያ ግን ፍሬን ስፈታ ሻሼ ቅልጥሜ ላይ ወጥታ ታንቀላፋ ነበር፤ እንዳትወድቅ ብዬ እግሬን ሳላንቀሳቅስ እሠራለሁ። የጋራዡ ጌታ ጆን ደግ ሰው ነው፣ ምግብም አይጎድለኝም፤ ግን ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ስለ ሎሪው እነግረዋለሁ።

ሌላም ነገር ጽፈሻል። ስለዚያ አትጻፊልኝ ብዬሽ ነበር። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ዶሮዋ ነው።

ዳኜ


ሞያሌ፣ ኅዳር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለዳኜ

ጤና ይስጥልኝ። መድኃኒቱ ደርሷል። ጠርሙሱ ላይ የላም ሥዕል አለ፣ ዳኜ። የላም! የመድኃኒት መደብሯ ናስራ እንግሊዝኛውን አንብባ "ይህ የከብት የትል መድኃኒት ነው፤ ለዶሮ ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ የሚል የለውም፤ እኔ ብሆን አልሰጣትም" አለችኝ። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ላም ስንገዛ ይጠቅመናል።

"አትዘቅዝቋት" ያልከው ቃል ደግሞ ሳይደርሰኝ በፊት የፈራኸው ሆነ። እኔ ጓዳ ሳለሁ ፍራንሲስ ደግ የሠራ መስሎት እግሯን ይዞ ዘቀዘቃት። ትን አላት። በአፏም በአፍንጫዋም ያ ውሃ ወጣ፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ጭልፋ ይዤ ነው ያባረርኩት፤ የመንግሥት ፖሊስ መሆኑንም የዚያን ጊዜ አላሰብኩም። ማምሻውን ተመልሶ መጥቶ "ፖሌ፣ ማማ ሚሚ፣ ፖሌ ሳና" እያለ በር ላይ ቆመ። ይቅርታውን ምን ላድርገው? ከዚያ ወዲህ ስትተነፍስ ታፏጫለች።

ዘይቱንም ሩዙንም አደረግሁ። አሸሁ፣ አሸሁ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ አሸሁ። ከረጢቱ ትንሽ ይለሰልስና ተመልሶ ይጠጥራል። ውስጡ የሚሟሟ ነገር አይደለም ያለው። የከብት ሐኪሙን ልፈልግ ብሄድ ለግመል ክትባት ቆላ ጎልቦ ወርዷል። ቢሮ የቀረው ሰው "ለዶሮ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?" አለኝ። አዎ፣ ለዶሮ ነው። ባሌ ከኢሲዮሎ ሆኖ ስለሚያዘኝ ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ወተት የምታመጣልን ዳዶ ስትሰማ ጊዜ "ዳበል ፍየልና ጥጃ የምታክም አንዲት ሴት አለች፤ ዶሮም አይከብዳትም" አለችኝ። ትምጣልኝ ብዬ ልኬባታለሁ። አንተን አላማከርኩህም። መልስህ ጭቃውን ተሻግሮ እስኪመጣ ሻሼ አትቆይም።

ወርቅአየሁ


ሞያሌ፣ ኅዳር 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለዳኜ

እንደምን አለህ? የጻፍካቸው ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ ላይ ደረሱኝ። በሁለቱም የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ያቺ ሴት ማን ናት? ታውቃለች ወይ? የመንደር ወጌሻ እንዳትሆን" ብለሃል። ታውቃለች። ወጌሻ አይደለችም፤ የተማረች ናት። ከዚህ በላይ አሁን አልነግርህም፤ ሻሼን ነው የጠየቅኸኝ፣ ስለ ሻሼ ልንገርህ።

ሴትዮዋ በእግርም በሎሪም ብላ ጭቃ ለብሳ ደረሰች። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሻሼን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዳሰሰቻት፤ አፏን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ "በማሸት አይወጣም፤ መከፈት አለበት" አለችኝ።

"ምኑ ነው የሚከፈተው?" አልኳት።

"ከረጢቱ። ካልተከፈተ በረሃብ ትሞታለች። ከተከፈተ ትድናለች ማለት አይደለም፤ አርጅታለች። ግን ዕድል አላት።"

የምግብ ቤቱን በር ዘጋሁ። ጠረጴዛውን በፈላ ውሃ አጥበን ሻሼን በፎጣ ጠቀለልናት። እኔ ያዝኳት። ሴትዮዋ ላባዋን በትንሹ ነቅላ አጸዳችና ከቦርሳዋ ባመጣችው አደነዘዘቻት። ምላጩ ሲነካት ዓይኔን ጨፈንኩ። "አትጨፍኚ፤ ብትወራጭብሽ ማየት አለብሽ" ብላ ተቆጣችኝ። እኔን፣ በገዛ ቤቴ! ዓይኔን ከፈትኩ።

የወጣውን ብታይ፣ ዳኜ። የጆንያ ክር ነው፤ ያ አረንጓዴው የሩዝ ጆንያ ክር፣ ተቋጥሮ፣ ተጠምጥሞ፣ የፍየል ፀጉርና የላስቲክ ቁራጭ ተጨምሮበት የልጅ ጡጫ አክሏል። በመሃሉ በቆሎው በስብሶ ቤቱን አገማው። እሷ ግን ፊቷን አላጠቆረችም። አጠበችው፤ ውስጡን ለብቻ፣ ቆዳውን ለብቻ ሰፋችው። ጥልፍ የምትጠልፍ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ጠዋት ከረጢቱ ባዶ ነበር። ባዶ! ሻሼ ውሃ ጠጥታ አንገቷን ወደ ላይ ስትመልስ አለቀስኩ፤ ከደስታም ከድካምም ነው። አሁን የላላ ገንፎ እንሰጣታለን። ሴትዮዋ የስፌቱ ክር እስኪወጣ እዚሁ ናት። ከባድ ሰውነት ስላላት፣ ማለቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ የዳበል መንገድ እስኪደርቅም አልለቃትም።

ወርቅአየሁ


ኢሲዮሎ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወርቄ

እግዚአብሔር ይመስገን! ደብዳቤሽን ለጆን በቃሌ ተርጉሜ አነበብኩለት። "ለዶሮ ኦፕሬሽን?" ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። ያን ቀን የሠራሁት ሞተር እንኳ ባንዴ ተነሳልኝ።

ለዚያች ሴት እጇ ይባረክ በይልኝ። አንድ የሚገለደም ሌሶ በቦኩ ልኬላታለሁ፤ ቀለሙን እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ካልወደደችው ይቅርታ። ልጇንም በሰላም ያገላግላት። ስሟን ጻፊልኝና በስሟ ላመስግናት፤ "ሴትዮዋ፣ ሴትዮዋ" ማለት ነውር ነው።

የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ወርቄ። ዕውቀቷን ይዛ ጭቃ አቋርጣ ለአንዲት ዶሮ ትመጣለች። እኔ የማውቃት ደግሞ አለች፤ ይህንኑ ትምህርት ዳር አድርሳው ለፍየል ጠባቂ ብላ የጣለችው። የዚችኛዋ አባት እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው!

ዳኜ


ሞያሌ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለዳኜ

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። በኋላ ከበረደልኝ እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤህ ሲደርስ እጄ ሊጥ ነበር። ሌሶውን አይቼ ደስ አለኝና ሳላነበው ለሷ ሰጠኋት፤ "ምስጋናው ያንቺ ነው፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው" አልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንተን እያወቅሁህ! እየሳቀች ጀመረች። ጆን የሳቀው ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ "እጇ ይባረክ" ላይ ስትደርስ ሌሶውን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ወደ መጨረሻው መጣች። አላቋረጠችም፤ እስከ ስምህ ድረስ አነበበችው። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ሌሶው ያምራል" አለች። ተነስታ ወደ ሻሼ ሄደች።

ስሟን ጻፊልኝ ብለሃል። ስሟ ሚሚ ዳኜ ይባላል።

አሁን ያ ዕድለኛ አባት ማን እንደሆነ አውቀሃል። ከመጀመሪያው ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ብነግርህ "አትንካት" ትል ነበር፤ ሻሼም ትሞት ነበር። ደግሞ ልክ ነበርኩ፤ ስሟን ሳታውቅ መረቅካት፣ ስሟን ስታውቅ ምን እንደምታደርግ አላውቅም።

ትምህርቷን ጣለች ትላለህ። ወረቀቱን አልያዘችም እንጂ ትምህርቱንስ ይዛው ነው የሄደችው። ዳበል ላይ የማንም ጥጃ ሲታመም ማንን እንደሚጠሩ ዳዶን ጠይቃት። ትምህርቱን ትጨርስ እንደሆን ጠይቄያታለሁ፤ "ከወለድኩ በኋላ፤ ታዲቻም ሂጂ ይለኛል" አለችኝ። አንተ ይህን ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ታዲቻ ባለፈው የግመል ወተት ይዞላት መጣ። ዝናብ ይወርዳል፤ እሱ ውጭ ቆሟል። ግባ ብለው፣ እንደ እናቱ እየጠራኝ፣ "አይ አዮ፣ አባባ በር አትርገጥ ብሎኛል" አለኝ። አንተ እዚህ የለህም፤ ቃልህ ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምን ላድርግ? ወንበር አውጥቼ ከጣራው ጥግ አስቀመጥኩት። ሚሚም ከውስጥ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሻሼን ታቅፋ። እንደዚያ ሆነው ሻይ ጠጡ። እኔ በመሃል እየተመላለስኩ ስኳር አቀብላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ስለ ዶሮ ከእንግዲህ እንዳትጠይቀኝ።

ወርቅአየሁ


ሞያሌ፣ ጥር 29 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለዳኜ

በሰላም መግባትህን ቦኩ ነግሮኛል። ጉልበትህስ? በዚያ መንገድ ሎሪ ላይ ተጭነህ መምጣትህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን አልክድም።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገርህ። ለወር ያህል መልስ ሳትጽፍልኝ ቆይተህ፣ በከተራ ዕለት ሳይታሰብ በሩ ላይ ቆምክ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሚሚ ያንን ሌሶ አገልድማ፣ ሆዷን ይዛ ተነሳች። አንተም አቧራህን ሳታራግፍ ምን አልካት? "ሻሼ እንዴት ናት?"

እሷም "ደህና ናት፣ አባባ። ገብተው ይዩዋት" አለችህ።

ገባህ። ተመስገን አልኩ፤ አሁን ይነጋገራሉ ብዬ ጓዳ ውስጥ ድስቱን ሳላማስል ቆምኩ። የሰማሁት ይህ ነው፦

"ስፌቱ ዳነ?"

"ድኗል።"

"ሩዝ ትበላለች?"

"በጥቂቱ። ጠዋት ጠዋት ከረጢቱን እዳስሰዋለሁ።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

በቆየህበት ሁሉ እንዲሁ ነበራችሁ። የሻሼን አንገት አብራችሁ ዳሰሳችሁ፤ ለገንፎዋ አብራችሁ ውሃ ለካችሁ፤ ስለ ኩሷ እንኳ ተማከራችሁ! ይቅር በይኝ የለ፣ ይቅር ይበሉኝ የለ፣ ልጁ መቼ ነው የለ፣ ታዲቻ የት ነው የለ። እሱም ጎልቦ ግመሎቹ ዘንድ ስለነበር ከማፈር ተረፍክ። ስትሄድ ሻሼን ራሷን ዳበስካት፤ ሚሚን "በይ እንግዲህ" ብቻ አልካት። ሎሪው ከዓይኗ እስኪጠፋ መንገድ ላይ ቆማ ነበር። ተመልሳ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "እማዬ፣ አባባ እኮ ከስቷል" አለችኝ። ሁለታችሁንም በዚያ ጭልፋ ብመታችሁ ደስ ባለኝ!

አሁን ወደማልፈልገው ወሬ ልምጣ። ሻሼ ሞታለች። ያ ሕመም ተመልሶባት አይደለም፤ ከረጢቷ ጠዋትም ባዶ ነበር፣ ስፌቷም ንጹሕ ነበር። ሚሚ "እርጅና ነው፣ ልቧ ነው የደከመው" አለች። ፀሐይ ላይ በጎኗ ዘንበል ብላ እንደተኛች ቀረች። አልታረደችም፤ እንደፈለግኸው ሆኗል። ጉድጓዱን ከጓሮ የቆፈረው ፍራንሲስ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ፀሐይ ያጠነከረውን አፈር በራሱ እጅ ቆፈረ። ሚሚ ብዙ አለቀሰች። "አሁን አባባ ከኔ ጋር ስለ ምን ያወራል?" አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደ አንተ አምጥቼዋለሁ። ዳኜ፣ ከእንግዲህ የምትጠይቃት ዶሮ የለችህም። ልጅህ ግን እዚህ ናት፤ ወሯ ገብቷል፣ እግሯ አብጧል፣ ምግብም አልስማማ ብሏታል። ወይ ስለሷ ጠይቅ፣ ወይ ወረቀትህን አታባክን። ለእኔም አትጻፍልኝ፤ ለሷ ጻፍላት።

ወርቅአየሁ


ኢሲዮሎ፣ የካቲት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚሚ፤ ሞያሌ

እንዴት ነሽልኝ? ይህችን ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ጆን ራሱ "ሽማግሌው፣ ለመንግሥት ነው እንዴ የምትጽፈው?" አለኝ። ለመንግሥት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የሻሼን ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ፣ አዘንኩ። አንቺ ግን በመጨረሻ ዘመኗ በልታ እንድትጠግብ አድርገሻታል። እዚያ ሳለሁ ስፌቱን ሳየው ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ እኔ በብረት እንጂ በሥጋ ላይ እንደዚያ የሰፋ እጅ አላየሁም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የነገርኩሽ "ሩዙ ይላላ" የሚለውን ነው።

ትናንት ታዲቻ ፍየል ጭኖ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። የሰው ጋራዥ ነው፤ እኔ የከለከልኩት በር አይደለም፤ ግን አልገባም። ከሎሪ ሥር ሆኜ እግሩን ብቻ ነበር ያየሁት። ወጥቼ "ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት፤ ቁጣ ነው የወጣኝ። "አባባ፣ ሚሚ ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው" አለኝ። እጄ ግራሶ ነበር፤ በምን እንደምጨብጠው ግራ ገባኝ። እሱ ራሱ አቅፎ ያዘኝ፤ ነጭ ልብሱ ላይ የእጄ አሻራ ቀረ። ገብቶ ሻይ ጠጣ። ብዙ አይናገርም፤ እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ። ሻዩ አልቆም ቁጭ ብለን ነበር። ስንነሳ "ትምህርቷን ትጨርሳለች፤ ልጇን እናቷና እኔ እንይዛለን" አለኝ። ምንም ሳልጠይቀው ነው ያለኝ። እኔ ልለው የሚገባኝን እሱ ቀድሞ ሲናገር በጣም ተናደድኩ፤ በእሱ ግን አልነበረም።

ትበያለሽ ወይ? እናትሽ አጥሚት እንዳታበዛብሽ። ውሃ ጠጪ። ልጅቷ ጡት በደንብ ትይዛለች? ይኸው፣ እንደገና ስለ ሆድ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ሌላ አላውቅበትም። እግርሽስ እብጠቱ ጎደለ? መውለዱስ በጣም አስቸገረሽ ወይ? ብቻሽን ፈርተሽ ነበር? ይህን ሁሉ በጥር መጠየቅ ነበረብኝ።

ሎሪው ፍየሎቹን አራግፎ ነገ ባዶውን ይመለሳል። ከታዲቻ ጋር ከኋላ ተጭኜ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ቦኩ ዛሬ ይዞት ይወጣል፤ ሎሪው መንገድ ላይ ተሰብሮበት እኔ ብቀድመውም፣ ሲደርስሽ አንብቢው። እዚያ ስደርስ ይህን ሁሉ ፊት ለፊት መናገር አልችልበትም።

አባትሽ ዳኜ